የጌታው ጺም በሉጎቮዬ ሸንጎ

የኦካ ወንዝ በረዶ ከታቻቸው ሲንቋቋ ሦስቱ ፈረሶች ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጣሉ።

«አትቁም! ከቆምህ ነው የሚከዳህ። ወደ ግራ በል፣ ወደ ግራ!»

ኡስቲን ቴረንቲች ከነጂው አጠገብ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ነጂው ልጓሙን ለቀቀ። የበረዶ ጋሪው በጎኑ ተንሸራተተና የሸምበቆውን ጥግ ይዞ ወደ ማዶው ዳገት ወጣ። ከኋላ በተኩላ ለምድ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሰው ሦስት ጊዜ አማተበ።

ኡስቲን የሉጎቮዬ መንደር ጭቃ ሹም ነው። ዕለቱ የቅበላ የመጨረሻ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ይቅር የሚባባልበት የይቅርታው እሑድ ነበር። ፀሐይዋ ሰሞኑን በርታ ስላለች፣ የማዶ ሰዎች ለሠርክ ጸሎት ሲሻገሩ በረዶው እንዳይከዳቸው ሰግቶ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። ማዶ ድረስ ተሻግሮ በዱላው በረዶውን ሲወጋ ነው የአውራጃው ፖሊስ ሹም ካፒቴን ዝቡሮቭ የደረሰበት። «ና ውጣ፣ አሻግረን» አለው። ወጣ።

ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታችሁ ጺም አላቸው የሚባለው እውነት ነው?»

«አላቸው፣ ክቡርነትዎ።»

«ምን ያህል ይሆናል?»

ኡስቲን ጥቂት አሰበና መዳፉን ከደረቱ መካከል ላይ አሳረፈ።

«ወይ ጉድ!» አለ ካፒቴኑ። «እኔስ ትንሽ ነገር ትሆናለች ብዬ ነበር።»

ካፒቴን ዝቡሮቭ ክፉ ሰው አልነበረም። የመጨረሻውን የቅበላ ገበታ ለሚስቱና ለሰባት ልጆቹ ትቶ በብርድ መውጣቱ ከንክኖታል፤ የከነከነው ሰው ደግሞ ለማንም ቢሆን ያወራል። ኪሱ ውስጥ ከፒተርስቡርግ ለአገረ ገዢው፣ ከአገረ ገዢው ለእሱ የወረደ ወረቀት አለ። ባላባት ሁሉ ጺሙን እንዲላጭ፣ ካፍታን የተባለውን የገበሬ ረጅም ልብስ ለብሶ መዞሩንም እንዲተው ያዛል። ባለፈው ዓመት ባሕር ማዶ ነገሥታቱ ከየዙፋናቸው ሲባረሩ ከታየ ወዲህ፣ ላይ ያሉት ሰዎች ጺም ባዩ ቁጥር ዓመፅ ይታያቸዋል።

«ጌታችን እሺ ካላሉስ?» አለ ኡስቲን።

«እሺ ካላሉማ ርስቱ ሞግዚት ይሾምበታል። ሞግዚቱም ተመርጧል። የአጎታቸው ልጅ፣ አፖሎን ሰርጌይች።»

ኡስቲን ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

አፖሎን ሰርጌይች የቨርኾቭካ ጌታ ነው። ቨርኾቭካ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ የኡስቲን እኅት እዚያ ተድራለች። እዚያ የገበሬ ሸንጎ ከቀረ ዘጠኝ ዓመቱ። ሰው በደወል ይነሣል፣ በደወል ይበላል፣ ሳምንቱን ሙሉ የጌታውን መሬት ሲያርስ ሰንብቶ የራሱን ማሳ በጨረቃ ያርሳል። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የርስቱ ተቆጣጣሪ መዝገቡን ይገልጥና ስሟን ከአንዱ ወንድ ስም ጋር በእርሳስ መስመር ያገናኘዋል። ጋብቻው ያ ነው።

የኡስቲን ልጅ አኩሊና ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለአናጺው ለማካር ልጅ ታጭታ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ልጅቱ የሠርግ ፎጣዋን ስትጠልፍ ብቻዋን ትስቃለች። ኡስቲን ከጋሪው ሲወርድ ያ ሳቅ ጆሮው ውስጥ ነበር።

ጌታውን ቫለሪያን ፕላቶኖቪች ኦዜሬትስኪን ገበታ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ የጎበጠ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በርሊን ድረስ ሄደው ፍልስፍና ተምረዋል። ከስድስት ክረምት በፊት ባለቤታቸው አግላያ ሚካኢሎቭና ሲሞቱባቸው የሞስኮውን ቤት ዘግተው ወደ ርስታቸው ገቡ፤ ኮታቸውን አውልቀው የገበሬ ካፍታን ለበሱ፤ ጺማቸውንም ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ይጽፋሉ፣ ለኡስቲንም ያነቡለታል። ኡስቲን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሁሉም አይገባውም፤ ቢሆንም መስማት አይታክተውም።

«ካፒቴን! በሰዓቱ ነው የመጡት፤ ትኩስ ነው!» አሉ ጌታው። ማንም ወረቀት ሳያወጣ ካፒቴኑ ራሱን ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ስስ የስንዴ ቂጣ፣ ብሊኒው፣ በቅቤና በዓሣ ዕንቁላል ይመጣል፤ ካፒቴኑ ይጠቀልላል፣ ይውጣል፣ ላቡን ይጠርጋል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ኀፍረት ያዘውና ወረቀቱን አወጣ። ቆሞ አነበበው። የመጨረሻውን መስመር ያነበበው በሹክሹክታ ነበር።

ቫለሪያን ፕላቶኖቪች መጀመሪያ ሳቁ።

«እኔ? እኔ ዓመፀኛ? ለንጉሠ ነገሥቱ ጧትና ማታ የምጸልይ ሰው! ሃይማኖት፣ ዙፋን፣ ሕዝብ፤ ይህን መንግሥት ራሱ አይደለም እንዴ የሚሰብከው? እነሱ በደብዳቤያቸው ራስ ላይ ይጽፉታል፤ እኔ ግን እኖረዋለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።»

«ወረቀቱ ግን ጌታዬ፣ ጺም ከምዕራብ የመጣ ልማድ ነው ይላል። ፓሪስ ውስጥ መንገዱን በድንጋይ የዘጉት ሁሉ ጺማሞች ናቸው አሉ።»

«ከምዕራብ!» ጌታው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የዚያ ዘመን ንጉሥ አያቶቻችንን ጺማቸውን ሊያስቆርጡ በመቀስ ያሳደዷቸው እኮ ምዕራባውያንን እንድንመስል ብለው ነው! መኳንንቱ ከሕዝቡ የተለየው የዚያን ቀን ነው፣ ካፒቴን። ቋንቋችን የፈረንሳይ፣ ኮታችን የጀርመን፣ አገጫችን የማንም። መቶ ሃምሳ ዓመት በገዛ አገራችን እንግዳ ሆነን ኖርን። እኔ ተመልሼ ቤቴ ገባሁ፤ ይኸው ነው ወንጀሌ። ይህን ጺም ብላጭ ሕዝቤን ካድሁ ማለት ነው።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበል» አለ ካፒቴኑ። «እስከ ሠርክ ጸሎት እጠብቃለሁ። ወይ ተላጭተው ይፈርሙልኛል፣ ወይ ቁልፉን ለአጎትዎ ልጅ አስረክባለሁ። እኔም የበላይ አለብኝ።»

«ኡስቲን ቴረንቲች!» ጌታው ወደ በሩ ዞሩ። ጭቃ ሹማቸውን የአባቱን ስም ጨምረው የሚጠሩ በአውራጃው ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው። «አንተ ንገረው። ሕዝቡ ምን ይላል?»

ኡስቲን ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። አንደበቱ ላይ አኩሊና ነበረች። ነገር ግን ጭቃ ሹም ሆኖ ስለ ልጁ ብቻ መናገር ነውር ሆነበት።

«ሸንጎው ያልተናገረበትን እኔ ምን እናገራለሁ፣ ጌታዬ።»

ቫለሪያን ፕላቶኖቪች በደስታ ጠረጴዛውን መቱት። «ሰሙ? ይህ ነው ሩሲያ! አይቸኩልም፣ ለብቻው አይፈርድም። እንግዲያው ሸንጎው ይናገር። ምን እንደሚል ግን አሁኑኑ ልነግርዎ እችላለሁ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በረዶው ተረግጦ በጠነከረበት ቦታ የአርባ ቤት አባወራዎች ተሰበሰቡ። ሁሉም ቅበላ ላይ ስለነበሩ ፊታቸው ወዝቷል። ካፒቴኑ ከጌታው ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ይመለከታል።

የሉጎቮዬ ሸንጎ እጅ አያስወጣም፣ ድምፅም አይቆጥርም። ሁሉም ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባንድነት። የማይስማማው ሰው እስኪበርድለት ድረስ ይነገረዋል፣ ይለመናል፣ ይሰደባል። በመጨረሻ «ከማኅበሩ አልለይም» ያለ ዕለት ነገሩ ያልቃል። አንድ ሰው እንኳ ያንን ቃል ካልሰጠ አልተወሰነም ማለት ነው። ቫለሪያን ፕላቶኖቪች በጽሑፋቸው ከሁሉ አስበልጠው የሚያደንቁት ይህንን ነው። ከስድስት ዓመት በፊትም እንደ አንድ አባወራ ቁጠሩኝ ብለው ጠይቀው፣ ገበሬዎቹ ደንግጠው እሺ ብለዋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ባርኔጣቸውን አውልቀው መካከላቸው ይቆማሉ።

ያን ቀንም መካከላቸው ቆመው ነገሩን አስረዱ። ስለ ጥንቱ ዘመን፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ወረቀቱ ተናገሩ። ስለ አፖሎን ሰርጌይች ግን አልተናገሩም፤ በዛቻ አስፈራርተው ፍርድ ማግኘት አልፈለጉም። ሲጨርሱ ዓይናቸው በርቶ ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

 አንዱ ሳለ። በመጨረሻ አናጺው ማካር፣ ቀይ ጺም ያለው ቀልደኛ ሰው፣ አንገቱን አከከና፣

«ጌታዬ» አለ፣ «ስለቱ ገና አላለቀም እንዴ?»

«የምን ስለት?»

«የጺሙ ነዋ። እመቤታችን አግላያ ሚካኢሎቭና፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ወዲህ የገቡት ስለት። ሰባት ዓመት ነው ወይስ ዐሥር? እኛ መጠየቁን ፈርተን እንጂ ስንጨቃጨቅበት ነው የኖርነው። እኔ ሰባት ነው ብያለሁ።»

«ዐሥር ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ቫለሪያን ፕላቶኖቪች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዩ ቆዩ። «ስለት የለብኝም።»

«ካፍታኑስ? የሐዘን ልብስ አይደለም እንዴ? ሴቶቻችን በየዓርቡ ሻማ ያበሩልዎታል እኮ። ‹ጌታችን እንዲህ ለብሰው ራሳቸውን አዋረዱ፣ እግዚአብሔር ያጽናናቸው› እያሉ።»

«እኔ እኮ እንደ እናንተ ልሆን ብዬ ነው!» አሉ ጌታው።

 ማካር ነገሩን አገላበጠው፤ ሲያገላብጠው በፊቱ ላይ ይታያል።

«እንደ እኛ?» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ እኛ ራሳችን ምርጫ ቢሰጠን እንደ እኛ ባልሆንን ነበር።»

አንዱ ፈንድቶ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሸንጎው በሙሉ። ኡስቲን ደንግጦ ወደ ጌታው ዞረ። ቫለሪያን ፕላቶኖቪች መጀመሪያ ቀሉ፤ ቀጥለው ጺማቸው ተንቀጠቀጠና እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እነሱን መስዬ እኖራለሁ ሲሉ፣ እነሱ ደግሞ ያዘኑ ሰው ናቸው ብለው እየጸለዩላቸው ኖረዋል።

ሳቁ ሲበርድ ኡስቲን ወደ መካከል ገባ። ድምፁን ከፍ ማድረግ አይወድም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቆመ፣ እነሱም ዝም አሉ።

«ጌታችን ያልነገሯችሁ አንድ ነገር አለ። ካልተላጩ ዛሬ ማታ ርስቱን የሚረከበው አፖሎን ሰርጌይች ነው።»

ቨርኾቭካን የማያውቅ አልነበረም። አንዱ እግዚኦ አለ። ማካር ወደ ኡስቲን አየ፣ ኡስቲንም ወደ እሱ፤ ሁለቱም አኩሊናን አላነሡም።

ከዚያማ ሁሉም ባንድነት ጮኹ። ይላጩ! ጺም ይበቅላል። በክረምት ቢላጭ በበጋ ይመለሳል። እኔ ሚስቴ ባትኖር የኔንም እሰጥ ነበር። እነ ቨርኾቭካ በየትኛው ሸንጎ ተማከሩ? ልጆቻችንስ? ካፒቴኑ ከሰገነቱ ሆኖ «በቃ ቆጥራችሁ ጨርሱት!» ብሎ ተጣራ።

«እዚህ አይቆጠርም፣ ክቡርነትዎ» አለ ኡስቲን።

አልተወሰነምም ነበር። ከበርች ዛፉ ሥር በዱላው ተደግፎ የቆመው አያ ፓፍኑቲ እስካሁን አልተነፈሰም። ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ነጭ ጺሙ ከመታጠቂያው ይደርሳል። ኡስቲን ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«አያ ፓፍኑቲ፣ አንተስ?»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሰው በአርአያ እግዚአብሔር ተፈጠረ። አርአያውን በምላጭ መፋቅ ኃጢአት ነው። ገበሬም ይሁን ጌታ። እኔ ልሙት እንጂ ይላጭ አልልም።»

«ግትር ሽማግሌ!» አለ ማካር። «አንተማ ትሞታለህ፣ ቀንህም ደርሷል። ከቨርኾቭካ ደወል ጋር የምንኖረው እኛ ነን!»

«አፍህን ያዝ ማካር» አለ ኡስቲን።  እንደ ልማዱም ቆሞ ጠበቀ። ሽማግሌው ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሲያገኝ የሚናገረው ነገር እንዳለው ያውቃል።

 የማገዶ ጭስ ከጣሪያዎቹ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«የአባቴን አባት» አለ አያ ፓፍኑቲ በመጨረሻ፣ «ወታደር ሲያደርጉት በግድ ላጩት። አራት ሰው ይዞት። ጺሙን ከመሬት ለቅሞ በተልባ እግር ከረጢት አደረገው፤ ሃያ አምስት ዓመት በደረቱ ተሸከመው። ሲሞት ከነከረጢቱ ቀበርነው ይል ነበር አባቴ። ቅዱስ ኒቆላዎስ በገነት በር ላይ ‹ጺምህስ?› ቢለው እንዲያሳየው።»

«እሱ ኃጢአተኛ ነበር?» አለ ኡስቲን።

«ማን? አያቴ? ጻድቅ ሰው ነበር።»

ራሱ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ዱላውን በረዶው ላይ ወጋ አደረገ፣ ወጋ አደረገ።

«አንዲት ጠጉር እንዳትወድቅ» አለ። «እንዳይቃጠል፣ እንዳይጣል። በከረጢት ሰፍታችሁ ከቅዱሱ ሥዕል ኋላ አኑሩት። ሲያርፉ ከደረታቸው ላይ ይደረግ። እንዲህ ከሆነ…» ትንፋሹን ሳበ። «እንዲህ ከሆነ ከማኅበሩ አልለይም።»

አርባው ሰው ባንድነት ተነፈሰ። ማካር ሽማግሌውን ትከሻው ላይ ሳመው፤ ሽማግሌው በክርኑ ገፋው። ሰዎች ባርኔጣቸውን መድፋት ጀመሩ። ካፒቴኑም ከሰገነቱ መውረድ ጀመረ።

«ቆዩ» አለ ኡስቲን።

ባርኔጣዎቹ በየእጁ ቀሩ። ኡስቲን ወደ ጌታው ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ለጌታ ተናግሮ አያውቅም። ሸንጎው ራሱ በእሳቸው ፈቃድ የቆመ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ቢሰለቻቸው እንደሚበተንም ያውቃል። ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው።

«ቫለሪያን ፕላቶኖቪች፣ አባወራ ሆነው መካከላችን ቆመዋል» አለ። «አንድ ቃል ቀረ።»

 የጌታው እጅ ወደ ጺማቸው ሄዶ ቆመ። ኡስቲን የተረዳው ያኔ ነው፤ አሁንም ቢሆን «አይሆንም» ማለት ይችላሉ። «እኔ ጌታ ነኝ፣ ቅበላችሁን ብሉ» ብለው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ የሚከለክላቸው የለም። ለዚህ ጺም ስንት ጽፈዋል፣ ከስንት ወዳጅ ተጣልተዋል። አርባው ሰው ግን አልለመናቸውም፣ አልገፋቸውም። አያ ፓፍኑቲን እንደ ጠበቁት እሳቸውንም ባርኔጣቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ቫለሪያን ፕላቶኖቪች ይህንን አዩ። ከዚያ ለሸንጎው ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ከማኅበሩ አልለይም» አሉ።

በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠ የተደሰተው ኻርላምፒ ነበር፤ የጌታው የድሮ አልባሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ምላጩን በቆዳ ሲስል፣ ቤቱ ሁሉ ሲሥቅበት ኖሯል። ሙቅ ውኃውን ራሱ ተሸክሞ መጣ።

ኡስቲን ነጭ ፎጣ ዘርግቶ ከጌታው አገጭ ሥር ያዘ፤ አንዲት ጠጉር እንዳትወድቅ ለአያ ፓፍኑቲ ቃል ተገብቷልና። መቀሱ ሲጀምር ጌታው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስድስት ዓመት ጻፍሁ፣ ኡስቲን ቴረንቲች» አሉ። «የሕዝቡ ነፍስ እንዲህ ነው፣ የሕዝቡ ልብ እንዲያ ነው እያልሁ። እናንተ ደግሞ ሻማ ታበሩልኝ ነበር። ሁሉንም ተሳስቻለሁ።»

«ሁሉንም አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ምኑን አልተሳሳትሁም?»

ኡስቲን ፎጣውን ከፍ አደረገ። «ማንም አልተቆጠረም። ማንም አልተገፋም። ያነበቡልኝ እንዲያ ነበር።»

ኻርላምፒ «አይናገሩ ጌታዬ፣ እቆርጥዎታለሁ» አለ። የጌታው ከንፈር ጥግ ግን ፈገግ አለ።

ከጺሙ ሥር ማንም የማያውቀው ነገር ወጣ፤ አገጫቸው መካከል ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለች፣ የሕፃን ጣት ያረፈባት የምትመስል። ካፒቴኑ ገብቶ አየና ወረቀቱን አስፈረመ። ከዚያ መሄጃው ሲደርስ አልሄደም፤ ባርኔጣውን ይዞ ከእግር እግር ሲቀያይር ቆየ።

«ቀኑ ቀኑ ነውና» አለ፣ «ቫለሪያን ፕላቶኖቪች፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፣ ካፒቴን። እርስዎም እኔን።»

ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። ካፒቴኑም የቀረውን ብሊኒ በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡት፣ ለልጆቼ ብሎ ተቀበለ።

በሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ካህኑ መጀመሪያ ለሕዝቡ ሰገዱ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ እርስ በርሱ ይሰግድ፣ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በይኝ ይባባል ጀመር። ባል ለሚስት፣ አማት ለምራት፣ ጌታ ለገባር። ማካር ከአያ ፓፍኑቲ እግር ሥር ወድቆ «ግትር ሽማግሌ» ስላለው ይቅርታ ጠየቀ። ቫለሪያን ፕላቶኖቪች ባዶ አገጫቸውን ይዘው በሰልፉ ሲመጡ አንዳንዱ ሕፃን አላወቃቸውምና አለቀሰ። አኩሊና ተራዋ ሲደርስ ለጌታው ሰገደችና፣ ምንም ባታውቅም፣ ስለ ምንም ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ኡስቲን ያኔ ወደ ሥዕሉ ዞሮ ረጅም ጊዜ አማተበ።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሸንጎው ስለ መንደሩ ኮርማ ተሰበሰበ። ኮርማው የከረመበት በረት ጣሪያው ስለ ፈረሰ እስከ ሣር ማብቀያው ድረስ አንዱ ቤት ሊያስገባው ነበር፤ ማንም ግን አልፈለገም፤ ኮርማው አጥር ይሰብራልና። ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። አያ ፓፍኑቲ ስለ አያቱ ዘመን ኮርማ ሲተርክ ቫለሪያን ፕላቶኖቪች ከመካከል ሆነው ጀመሩ።

«ወንድሞቼ፣ አባቶቻችን በጥንቱ ዘመን…»

ስድስት ዓመት እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ ስለት ያለበትን ሰው ማን ይጋፋል? አሁን ግን ማካር ሳያስበው እጁን ወርወር አደረገ።

«ቆይ እስቲ ቫለሪያን ፕላቶኖቪች! አያ ፓፍኑቲ አልጨረሰም። ተራዎን ይጠብቁ!»

ብሎ ሲያበቃ ምን እንዳለ ገባውና ነጣ። ሸንጎው ሁሉ ወደ ጌታው ዞረ። 

«እውነትህን ነው፣ ማካር» አሉ ጌታው። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ በሁለት ገበሬዎች መካከል ገብተው እጃቸውን አጣመሩ፣ ተራቸውንም ጠበቁ። አያ ፓፍኑቲ አላሳጠረላቸውም። ብርዱ ባዶ አገጫቸውን አቅልቶት፣ ጎድጓዳዋ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ፊታቸው በሙሉ ይስቅ ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ስለ ኮርማው ያሰቡትን ተናገሩ። ሸንጎው አዳመጣቸው፣ ተከራከራቸው፣ ሐሳባቸውንም ጣለው። ኮርማው ወደ ማካር በረት ገባ።